የኃይለኛ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ጥገናና ማሻሻያ፦ ባለ 1000 ዋቱን የመካከል ሞተር ለሚነዱ

በተራ ብስክሌት ላይ ኃይለኛ ሞተር መግጠም የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ለሰው እግር ጉልበት ተሰልተው የተሠሩት ካቴና፣ ፍሬን፣ ቸርኬና ብሎኖች የሞተር ጉልበት እንዲሸከሙ ማድረግ፣ ከዚያም ሸክሙን መቻላቸውን በየጊዜው ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህ መመሪያ በአንድ በሚታወቅ ዓይነት ላይ ያተኩራል። እርሱም ባፋንግ የተባለው የቻይና ኩባንያ የሚያመርተው፣ ፔዳሉ በሚዞርበት የፍሬሙ ክፍል ላይ የሚታሰረው፣ ቢቢኤስኤችዲ በሚል ስያሜ የሚሸጠው ባለ 1000 ዋት ሞተር ነው። በውስጡ ያለው፣ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር እስከ 30 አምፔር ስለሚስብ፣ በ52 ቮልት ባትሪ ሲነዳ ከባትሪው የሚወስደው ኃይል 1500 ዋትን ያልፋል። ሞተራቸው በኋላ ጎማው መካከል የተገጠመ ባለቤቶችም ስለ ባትሪ፣ ስለ ሽቦና ስለ ፍሬን የተጻፈውን እንዳለ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ሥራውን ሁሉ የሚመራ አንድ ስሌት አስቀድሞ መያዝ ይጠቅማል። ብስክሌቱና ነጂው በድምሩ 120 ኪሎግራም ቢመዝኑና 600 ሜትር ወደ ላይ ቢወጡ፣ ክብደቱን ለማንሳት ብቻ 700 ኪሎጁል ያህል፣ ማለትም ወደ 196 ዋት ሰዓት ጉልበት ያስፈልጋል። በሞተሩ፣ በማርሹና በሽቦው የሚባክነው ሲጨመር ከባትሪው የሚወጣው ወደ 260 ዋት ሰዓት ይጠጋል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዓይነት ዳገት የሚያውቅ ሰው ይህ ጉልበት በምን ያህል ደቂቃ ውስጥ እንደሚፈስ ይገምታል። ቁልቁል ሲመለሱ ደግሞ ያው 700 ኪሎጁል በአየር ግፊት ከሚበተነው በቀር በሁለት ስስ የፍሬን ዲስኮች ላይ ሙቀት ሆኖ ያርፋል፤ የመካከል ሞተር እንደ አንዳንድ የጎማ ሞተሮች ጉልበቱን ወደ ባትሪ አይመልስምና። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፦ መጀመሪያ የሚሸከመውና የሚያቆመው ክፍል ይበጃል፣ ኃይል የሚጨመረው በመጨረሻ ነው።

ደረጃ 1፦ መነሻ ልኬት መያዝ

ቁልፍ ከማንሳትዎ በፊት ብስክሌቱ ዛሬ ያለበትን ሁኔታ በጽሑፍ ይያዙ። ባትሪው ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ አንድ ሰዓት ካረፈ በኋላ የሚያሳየውን ቮልት በመልቲሜትር ይለኩ። ቀጥሎ ሁልጊዜ በሚያልፉበት አንድ ዳገት ላይ ሙሉ ኃይል ሰጥተው በስክሪኑ ላይ ቮልቱ እስከ ስንት እንደሚወርድ ይመልከቱ። የሽቦዎቹን አቀማመጥና የእያንዳንዱን ማያያዣ ቀለም በስልክ ፎቶ ያንሱ። ከመሣሪያ በኩል መልቲሜትር፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፎች፣ የፔዳሉን ክንድ የሚነቅል መሳቢያ፣ የዚህን ሞተር ማሰሪያ ዳዶ የሚይዝ ልዩ ኪያቤ፣ ካቴና መፍቻ፣ ግራሶና የጥብቀት መጠን የሚለካ ኪያቤ ያስፈልጋሉ። የመጨረሻውን ብዙዎች እንደ ቅንጦት ያዩታል፤ ነገር ግን የፔዳሉ ክንድ ብሎን ከ35 እስከ 40 ኒውተን ሜትር (የጥብቀት መለኪያ)፣ የፍሬን ዲስኩ ብሎን ደግሞ ወደ 6 ኒውተን ሜትር ብቻ የሚፈልግ በመሆኑ፣ ሁለቱን በአንድ ክንድ ግምት ማጥበቅ አንዱን ያላላል ወይም ሌላውን ይሰብራል።

ደረጃ 2፦ ባትሪውን መመርመርና መንከባከብ

የዋጋውን ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም፣ አደጋው የሚከፋውም ባትሪው ስለሆነ እዚህ ላይ መዘግየት ተገቢ ነው። 52 ቮልት የሚባለው ባትሪ በተከታታይ የተያያዙ 14 የሊቲየም ሴል ቡድኖች አሉት። እያንዳንዱ ቡድን ሲሞላ 4.2 ቮልት ስለሚይዝ ሙሉው ባትሪ 58.8 ቮልት ያሳያል። በሌላው ጫፍ እያንዳንዱ ሴል ከ3 ቮልት በታች እንዲወርድ ስለማይፈለግ የባትሪው ወለል 42 ቮልት ነው። ባለ 13 ቡድን የሆነው 48 ቮልት ባትሪ ግን ሲሞላ 54.6 ቮልት ነው፤ የሁለቱን ቻርጀር ማቀያየር እሳት ሊያስነሳ ይችላልና በቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን የመውጫ ቮልት ሳያነቡ አይሰኩ።

የባትሪው ዕድሜ እንዲረዝም በየዕለቱ ሙሉ ለሙሉ ከመሙላት ይልቅ በ56 እና በ57 ቮልት መካከል ማቆም ይሻላል። ረጅም ጉዞ ያለበት ቀን ሲሆን ግን መሙላት ነውር የለውም። እንዲያውም በወር አንድ ጊዜ ያህል እስከ 58.8 ሞልቶ ቻርጀሩን ለተጨማሪ ጥቂት ሰዓታት ማቆየት፣ ቢኤምኤስ የሚባለው የባትሪው ተቆጣጣሪ ሰሌዳ የሴሎቹን ቮልት እንዲያስተካክል ጊዜ ይሰጠዋል። ለሳምንታት የማይነዱት ከሆነ ከ51 እስከ 53 ቮልት ባለው ላይ አውርደው ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት። ከዳገት እንደተመለሱ ትኩስ ባትሪ ላይ ቻርጀር አይሰኩ፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይረፍ። ብርድ አገር የሚኖሩ አንባቢዎች ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ሙቀት ፈጽሞ መሙላት እንደሌለባቸው ይወቁ፤ በሴሉ ውስጥ ሊቲየም እንደ ብረት ይጋገርና ጉዳቱ ሳይታይ ይቀራል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ነቅለው፣ ከተመለሰ ጥቂት ደቂቃዎች በኋላ መልሰው መሰካት ከድንገተኛ የቮልት ጭማሪ ያድነዋል። ባትሪ ተኝተው ሳለ አይሞላ፤ በመውጫ በር አጠገብም አይቀመጥ።

ጤናውን ለማወቅ በደረጃ 1 የያዙትን ልኬት ይጠቀሙ። ባትሪው አርፎ ሳለ ከሚያሳየው ቮልት 30 አምፔር ሲሳብ በሦስት ወይም በአራት ቮልት ቢወርድ የሚጠበቅ ነው። በስድስትና ከዚያ በላይ የሚወርድ ከሆነ ሴሎቹ አርጅተዋል፣ ወይም በመንገዱ ላይ የተበላሸ ማያያዣ አለ፣ አለዚያም ባትሪው ከመጀመሪያውም ለዚህ ሞተር ያነሰ ነበር። የመጨረሻውን በስሌት ማጣራት ይቻላል። ብዙ ባትሪዎች የሚሠሩበት ሳምሰንግ 35ኢ የተባለው ሴል ያለማቋረጥ እንዲሰጥ የተፈቀደለት 8 አምፔር ነው። በአንድ ቡድን ውስጥ አራት ሴሎች ጎን ለጎን ካሉ 30 አምፔሩ ለእያንዳንዱ 7.5 ይደርሰዋል፤ ይህ ከጣራው ሥር መኖር ነው። አምስት ከሆኑ ወደ 6 ይወርዳል፣ የባትሪው አቅምም ወደ 17 አምፔር ሰዓት ያድጋል። በዳገታማ ከተማ ለሚነዳ ሰው ከአምስት በታች ያለውን ባትሪ እንዲገዛ አልመክርም። ሻጩ ስለ ሴሉ ዓይነትና ስለ ቢኤምኤሱ አምፔር ግልጽ መልስ ካልሰጠ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።

ያበጠ፣ የሚሸት፣ የወደቀ ወይም ውኃ የገባበት ባትሪ ለጥገና ተብሎ በቤት ውስጥ አይከፈትም። ሴል በመበየድ ባትሪ የሚያድሱ ባለሙያዎች አሉ፤ ሥራው ግን የነጥብ ብየዳ ማሽንና ልምድ የሚጠይቅ እንጂ ከጽሑፍ የሚማሩት አይደለም።

ደረጃ 3፦ ሽቦና ማያያዣ

ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደውን ዋና ማያያዣ ነቅለው ፕላስቲኩ ቡና መልክ እንዳላወጣና እንዳልቀለጠ ይዩ። ጠቆር ማለቱ ብረቶቹ በደንብ እንደማይነካኩና በመካከላቸው ሙቀት እንደሚፈጠር ያሳያል፤ ማጽዳት አይበቃውም፣ ይቀየራል። ኤክስቲ 60 የሚባለው ቢጫ ማያያዣ 30 አምፔር ያለማቋረጥ ለማሳለፍ ጠርዝ ላይ ስለሆነ ኤክስቲ 90 ብልጭታ የሚያስቀረውን ዓይነት መግጠም ይሻላል። በባትሪው አጠገብ ፊዩዝ ከሌለ ባለ 40 አምፔር ያስገቡ። ስስ የሆኑት የስክሪን፣ የፍሬንና የፍጥነት መስጫ ማያያዣዎች ቀስት ምልክት ስላላቸው ቀስት ለቀስት አገናኝተው ቀጥ አድርገው ይግፏቸው፤ እየጠመዘዙ መክተት በውስጡ ያሉትን መርፌዎች ያጣምማል።

ከክረምቱ በፊት ማያያዣዎቹ ሁሉ አፋቸው ወደ ታች እንዲሆን፣ ገመዱም ከማያያዣው በፊት ትንሽ ጎንበስ ብሎ ውኃው ከዚያ ላይ እንዲንጠባጠብ አድርገው ይሰሩት። ናስትሮ መጠቅለል ውኃ የሚያግድ ይመስላል፤ የገባውን እርጥበት አፍኖ ስለሚያስቀር ግን ጉዳቱ ያመዝናል። በመኪና ማጠቢያ ግፊት ያለው ውኃ ሞተሩን ማጠብ ፈጽሞ አይገባም፤ እርጥብ ጨርቅና ብሩሽ ይበቃሉ።

ደረጃ 4፦ ካቴናና ማርሽ

ሞተሩ በፔዳሉ ዘንግ ላይ እስከ 160 ኒውተን ሜትር ጉልበት ያሳድራል። አብሮት በሚመጣው ባለ 46 ጥርስ የፊት ማርሽ ላይ ይህ ካቴናውን በ1720 ኒውተን ያህል ይወጥረዋል፤ 175 ኪሎግራም የሚመዝን ዕቃ ካቴናው ላይ ቢንጠለጠል ማለት ነው። ዳገት ለማቅለል ወደ ባለ 42 ጥርስ ሲቀየር ውጥረቱ ወደ 1880 ኒውተን ይወጣል። ይህን መቀየር እደግፋለሁ፤ ምክንያቱም ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለው ባለ 42 ማርሽ የካቴናውን መስመር ያቃናዋል፣ ሞተሩም በዳገት ላይ ፈጥኖ እንዲዞር ይረዳዋል። ከዚያ ያነሰ ጥርስ ያላቸው ማርሾች ግን የሞተሩን ሽፋን ለማለፍ ወደ ውጭ ስለሚወጡ ካቴናውን ያጣምሙታል። ከኋላም ቢሆን ብዙ ማርሽ ከመሰብሰብ ይልቅ ባለ 8 ወይም ባለ 9፣ የአረብ ብረት ጥርስ ያለው ይመረጣል፤ ካቴናውም ሰፋ ያለ ነው። ባለ 11 ጥርሱ ትንሽ ማርሽ ቶሎ ስለሚበላ በሙሉ ኃይል ብዙ አይቆዩበት።

የካቴናውን መበላት ለማወቅ መሣሪያ ባይኖርዎትም ማስመሪያ ይበቃል። ወጠር አድርገው ከአንድ ፒን መካከል ተነሥተው እስከ 24ኛው ቀጣይ ፒን መካከል ይለኩ። አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊሜትር ነው፤ ከ306.5 ካለፈ ይቀይሩት፣ ካዘገዩት የኋላ ማርሾቹንም ጨርሶ ይበላቸዋል። በአቧራማ መንገድ ለሚነዳ ሰው ከወፍራም ዘይት ይልቅ ስስ የካቴና ዘይት ተቀብቶ ላዩ በጨርቅ መጠረጉ ይሻላል፤ ወፍራሙ አቧራውን ይዞ እንደ ሞረድ ካቴናውን ይሞርደዋል።

ኃይል እየሰጡ ማርሽ መቀየር ካቴና ይበጥሳል። በማርሽ ገመዱ ላይ የሚገጠመው ትንሽ ሴንሰር ገመዱ ሲንቀሳቀስ ኃይሉን ለቅጽበት ስለሚቆርጥ፣ ለዚህ ሞተር ከሚገዙ ተጨማሪ ዕቃዎች ሁሉ ቀዳሚ ነው እላለሁ። እርሱ ከሌለ የፍሬኑን ማንሻ በስሱ ነክቶ ኃይሉን ማቋረጥና ማርሽ መቀየር ይቻላል።

ደረጃ 5፦ ፍሬን፣ ጎማና ቸርኬ

በገመድ የሚሠራ ፍሬን ለዚህ ኃይል አይበቃም። ከፊትም ከኋላም የሀይድሮሊክ ፍሬን፣ ከተቻለ ባለ አራት ፒስተን፣ ባለ 203 ሚሊሜትር ዲስክ ይግጠሙ፤ ፍሬሙና ሹካው ይህን ስፋት የሚፈቅዱ መሆናቸውን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ። ማንሻው ሲነካ ሞተሩን የሚያቋርጥ ሴንሰር መኖር አለበት። በሺማኖ ፍሬኖች ላይ ሲገዛ 1.8 ሚሊሜትር የሆነው ዲስክ 1.5 ሲደርስ፣ የፍሬን ሸራው ደግሞ ከብረቱ በላይ ግማሽ ሚሊሜትር ሲቀረው ይቀየራሉ። የፍሬን ፈሳሽ ሁለት ዓይነት ነው፦ ሚነራል ዘይትና ዶት የሚባለው። አንዱ በሌላው ቦታ ከተጨመረ የጎማ ማኅተሞቹን አሳብጦ ያበላሻቸዋልና በማንሻው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ አይሙሉ። አዲስ ሸራ ከተገጠመ በኋላ ሰው በሌለበት ሜዳ ከመካከለኛ ፍጥነት ሃያ ጊዜ ያህል፣ ጎማው ሳይቆለፍ፣ ፍጥነቱን አብርዶ ማለማመድ ያስፈልጋል። በረጅም ቁልቁለት ፍሬኑን ሳይለቁ ከመጎተት ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅና ዲስኩ እንዲበርድ ጊዜ መስጠት ይሻላል።

ጎማን በተመለከተ አጭር ነው፦ ፍሬሙ የሚችለውን ሰፊውን ይግጠሙ፣ በየሳምንቱ ነፋሱን ይለኩ፣ የቸርኬውን ሽቦዎች በጣት ነካ ነካ አድርገው ድምፁ የረገበውን ለይተው ያስጠብቁ። ጎሚስታ ዘንድ ሲወስዱት የኋላውን ጎማ ከማውለቁ በፊት በፍሬሙ ላይ ያለውን የፍጥነት ሴንሰርና በቸርኬው ሽቦ ላይ ያለውን ማግኔት ያሳዩት። ሁለቱ ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ ከተራራቁ ስክሪኑ ፍጥነት ማንበብ ያቆምና ኃይሉም ይቋረጣል፤ ብዙ ሰው ይህን የሞተር ብልሽት አድርጎ ያየዋል።

ደረጃ 6፦ ሞተሩ ውስጥ

በመጀመሪያ የሞተሩን ማሰሪያ ዳዶ ያጥብቁ። ሞተሩ ኃይል ሲሰጥ መላ አካሉ በቦታው ለመዞር ስለሚታገል ዳዶው ከጊዜ በኋላ ይላላል። ከጠበቀ በኋላ በዳዶውና በፍሬሙ ላይ የሚያልፍ ቀጭን የቀለም መስመር ቢያሰምሩ፣ መዛነፉን ሳይጎነበሱ ያዩታል።

ውስጡ የብረት ትንሽ ማርሽ የሚያዞረው ትልቅ የናይለን ማርሽ አለ። ናይለኑ ድምፅ እንዲቀንስ የተመረጠ ነው፤ ግራሶው ሲደርቅ ግን ጥርሱ ይበላል፣ ሞተሩም የማጉረምረም ድምፅ ያወጣል። በዓመት አንድ ጊዜ ባትሪውን አላቅቀው፣ የፔዳሉን ክንድና የፊት ማርሹን ነቅለው፣ ሽፋኑን የያዙትን ብሎኖች በተራ ይፍቱ። አሮጌውን ግራሶ በጨርቅ ይጥረጉ፤ ቤንዚን አይጠቀሙ። ጥርሶቹን በጣት እየዳሰሱ ይመርምሩና ለፕላስቲክ የሚስማማ ሲንተቲክ ግራሶ በጥርሶቹ መካከል ብቻ ይቀቡ። የሽፋኑ ማኅተም ከተቀደደ ሳይቀየር አይዘጋ።

ሙቀቱ ደግሞ የተለየ ነገር ነው። የነዳጅ ሞተር በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ከኃይሉ ሲቀነስ ኤሌክትሪኩ አይቀነስም፤ ነገር ግን በ2400 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ሞተሩን የሚያበርደውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ዳገት ላይ ፔዳሉ በደቂቃ ከ70 ያላነሰ እንዲዞር በቀላል ማርሽ ይውጡ። እጅዎን በሞተሩ ሽፋን ላይ ሦስት ሰከንድ ማቆየት ካልቻሉ ቆመው ያሳርፉት።

ደረጃ 7፦ ኃይሉን በፕሮግራም ማስተካከል

ማሻሻያው የሚጀምረው እዚህ ነው። በስክሪኑ ገመድ ቦታ ላይ የሚሰካ የዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ያገናኘዋል። ይህ ለቀደሙት ሞዴሎች ነው፤ ካን በሚባለው ሥርዓት የሚነጋገሩት አዳዲሶቹ ይህንን ገመድ አይቀበሉም። ምንም ከመለወጥዎ በፊት በፋብሪካ የተሞላውን ቅንብር አንብበው በፋይል ያስቀምጡ።

ከረንት ሊሚት የሚለውን፣ ማለትም ሞተሩ የሚስበውን የአምፔር ጣራ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 20 አምፔር ያድርጉት። በ52 ቮልት ይህ 1040 ዋት ነው። ካቴናው፣ ፍሬኑና ማያያዣዎቹ ያለ እንከን ከቆዩ ወደ 25 ያሳድጉ። በዳገታማ ከተማ በዚያው ላይ መቅረትን እመርጣለሁ፤ የመጨረሻዎቹ 5 አምፔሮች ከሚጨምሩት ፍጥነት ይልቅ የሚጨምሩት ሙቀት ይበዛል። ባትሪው ሲደክም ኃይሉ የሚቋረጥበትን ዝቅተኛ ቮልት ለ52 ቮልት ባትሪ ከ42 በታች አያውርዱ። ስሎው ስታርት የሚለው ኃይሉ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚነሣ ይወስናል፤ ቁጥሩን ከ3 በታች ማድረግ ኮንትሮለሩን የማቃጠል አደጋ አለው። በስክሪኑ የሚመረጡትን የሞተር እገዛ ደረጃዎች በተመለከተ የመጀመሪያውን 10 በመቶ ማድረግ 30 አምፔር ላይ 156 ዋት ያህል ይሰጣል፤ ይህም በእግረኛ መካከል ቀስ ብሎ ለመንዳት ይበቃል። ኪፕ ከረንት የሚለው ፔዳሉ ሲፈጥን የሚቀረውን ኃይል ስለሚወስን፣ ዝቅ ካለ ብስክሌቱ እንደ ራስ ጉልበት ይታዘዛል።

48 ቮልት ተብሎ የተሠራው ይህ ኮንትሮለር 52ን ይቀበላል፤ 72 ቮልት ባትሪ ግን ወዲያው ይገድለዋል። ይህን ያህል የሚፈልግ ሰው ኮንትሮለሩን አውጥቶ ሌላ መግጠም ይኖርበታል፣ ከዚያ በኋላም የናይለኑ ማርሽ ዕድሜ አጭር ነው።

ሕጉም እዚህ ላይ ይነሣል። በአውሮፓ ኅብረትና በእስራኤል እንደ ብስክሌት የሚቆጠረው 250 ዋትና በሰዓት 25 ኪሎሜትር የማያልፍ ነው፤ ይህ ሞተር በሕዝብ መንገድ ላይ እዚያ እንደ ሞተር ተሽከርካሪ ይታያል። በአሜሪካ ብዙዎቹ ግዛቶች 750 ዋትን ወሰን ያደርጋሉ። በኒው ዮርክ ከተማ ከ2023 ጀምሮ የሚሸጥ ባትሪ ዩኤል 2271 የተባለው የደኅንነት ደረጃ ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል። ከውጭ ወደ ኢትዮጵያ ዕቃ የሚያመጣ ዘመድ ያላቸው ደግሞ ማርሽ፣ ፍሬንና ኮንትሮለር በሻንጣ ያስመጡ ይሆናል፤ ባትሪውን ግን አያስቡት፣ ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ መለዋወጫ ሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀድም፣ የዚህ ብስክሌት ባትሪ ደግሞ ወደ 880 ዋት ሰዓት ነው።

ደረጃ 8፦ ሙከራ

ከማንኛውም ለውጥ በኋላ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥተው በዝቅተኛው ደረጃ ያሽከርክሩ፤ ሁለቱም የፍሬን ማንሻዎች ሞተሩን ማቋረጣቸውን ሳያረጋግጡ መንገድ አይውጡ። ከዚያ ሜዳ ላይ፣ በመጨረሻም በለመዱት ዳገት ላይ ሞክረው ቮልቱን ከደረጃ 1 ልኬት ጋር ያነጻጽሩ። ዋናውን ማያያዣ በእጅ ይንኩ፤ ለብ ያለ ይታለፋል፣ የሚያቃጥል ግን ወደ ደረጃ 3 ይመልስዎታል። ከ50 ኪሎሜትር በኋላ የሞተሩን ዳዶ፣ የፔዳሉን ክንዶችና የዲስኮቹን ብሎኖች በመለኪያው ኪያቤ እንደገና ያጥብቁ። የቀለሙ መስመር ከተዛነፈ ዳዶውን ፈትተው ጥርሱን ካጸዱ በኋላ መልሰው ይሰሩት፤ በሚቀጥለው 50 ኪሎሜትር ዳግም ከተዛነፈ ሮንዴላው ወይም ማሰሪያው ስላረጀ ይቀየር።